ዱካን በጂፒኤስ መከተል፦ ከአስፋልቱ ወዲያ ባለው የወላይታ መንገድ

ዱካ ሰው፣ ከብት ወይም ተሽከርካሪ ያለፈበት መስመር ነው። መሬት ላይ የቀረውን ዱካ ዝናብ ያጥበዋል፣ አቧራ ይደፍነዋል። የጂፒኤስ መሣሪያ የሚይዘው ዱካ ግን በቁጥር የተጻፈ ነው። መሣሪያው በየጥቂት ሰከንዱ ወይም በየጥቂት ሜትሩ ያለበትን ቦታ ይመዘግብና ነጥቦቹን እንደ ጨሌ በአንድ ክር ይሰካቸዋል። ይህ ክር በፋይል መልክ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲዛወር፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ቀድሞት ያለፈውን ሰው እግር በእግር ተከትሎ መሄድ ይችላል።

እንዲህ ያለው ዱካ በወላይታ ዞን ብዙ ጥቅም አለው። ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕናና አዲስ አበባ፣ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ በሁምቦ ጠበላ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ በገሱባ በኩል ወደ ሳውላ፣ ኦሞን ተሻግሮ በዳውሮ በኩል ወደ ጅማ የሚወስዱ መንገዶች ከእርሷ ይነሳሉ። ከእነዚህ ዋና መንገዶች ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲባል ግን አገሩ በፒስታ፣ በጥርጊያና በእግር መንገድ የተሸመነ ነው። ዞኑ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ከየደጃፉና ከየእንሰት ጓሮው የሚወጣ መንገድ አለ። እንግዳ የሚጠፋው መንገድ አጥቶ ሳይሆን መንገድ በዝቶበት ነው።

የመሬቱ አቀማመጥም ነገሩን ያከብደዋል። ከሶዶ ከተማ በላይ የዳሞታ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግቶ ይቆማል። በምዕራብ በኩል የኦሞ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ ቆላ አለ። በእንዲህ ያለ አገር በዓይን የሚታይ ጎረቤት ቀበሌ ለመድረስ ገደል መዞር፣ ወንዝ መሻገሪያ መፈለግ ግድ ይሆናል። «ወደዚያ ነው» የሚል ቀጥተኛ አቅጣጫ አይበቃም፤ የሚያስፈልገው ሰው በእርግጥ ያለፈበት መስመር ነው።

የሳተላይቱ ድርሻ

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም ያለበትን ቦታና ትክክለኛ ሰዓቱን ያለማቋረጥ ያሰራጫል። በእጅ ያለው መሣሪያ መልእክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጠዋል። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የተገኘው ርቀት ሲገናኝ የቆመበትን ቦታና ከፍታ ያሰላል። ዛሬ ብዙ መሣሪያዎች የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ጨምረው ስለሚቀበሉ ሥራቸው ይበልጥ የተረጋጋ ሆኗል።

እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ በዚያ ወር ሲቆም ተራ የእጅ መሣሪያ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ቦታን ማመልከት ቻለ። ዱካ መከተል ለማንኛውም ሰው የሚሆን ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። 100 ሜትር የሚሳሳት መሣሪያ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የእግር መንገዶችን መለየት አይችልምና።

ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ወይም ያለ ስልክ ኔትወርክ አይሠራም ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። መሣሪያው ከሳተላይቱ ይሰማል እንጂ ምንም አይልክም፤ የአየር ሰዓትም አይፈልግም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ስልኩ ካርታውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ከሆነ ነው። ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ኔትወርክ በማይደርስበት የኦሞ ቁልቁለትም ይሠራል። ልዩነቱ ኔትወርክ ያለው ስልክ ሳተላይቶቹን በሰከንዶች ውስጥ ሲያገኛቸው፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ የእጅ መሣሪያ ግን ብዙ ደቂቃ ሊወስድበት መቻሉ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከመነሻው በፊት ሜዳ ላይ ተከፍቶ ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል።

ሰማዩ የተሸፈነበት ቦታ ሌላ ችግር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደን ምልክቱን ያዳክማል፤ ጥልቅ ሸለቆ ከሰማዩ ግማሹን ይደብቃል፤ የገደል ግድግዳ ደግሞ ምልክቱን አንጸባርቆ ቦታን በብዙ ሜትር ያሳስታል። በዳሞታ ተዳፋት ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ መስመር ኦሞ አፋፍ ሲደርስ ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዝ መንገዱ ጠምዝዞ ላይሆን ይችላል፤ የተወዛወዘው ልኬቱ ሊሆን ይችላል።

ነጥብ፣ ሩትና ትራክ

የጂፒኤስ መሣሪያ ሦስት ዓይነት ነገር ያስቀምጣል። ተጠቃሚዎች በሥራ ላይ ነጥብ፣ ሩትና ትራክ ይሏቸዋል። ነጥብ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ምንጭ፣ ድልድይ፣ ጤና ኬላ፣ መታጠፊያ። ሩት ጥቂት ነጥቦች በቅደም ተከተል የተደረደሩበት ዕቅድ ነው። ትራክ ወይም ዱካ ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ተጠጋግተው የተሰለፉበት፣ የታለፈበት መንገድ ራሱ ነው። ነጥብ በጣት እንደ መጠቆም፣ ሩት «መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ» ብሎ እንደ መንገር፣ ትራክ እጅ ይዞ እንደ መውሰድ ነው።

ልዩነቱ ከአስፋልት ውጭ ዋጋ ያስከፍላል። ሩት የተሰጠው መሣሪያ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን መንገድ ራሱ ይመርጣል። በውስጡ ያለው ካርታ የሚያውቀው አስፋልቱን ብቻ ከሆነ ተጓዡን ወደ አስፋልቱ ይመልሰዋል፤ ምንም መንገድ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ገደል ሳይል ወንዝ ሳይል ቀጥ ያለ መስመር ይሰጠዋል። ትራክ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ መሣሪያው አይለውጠውም። ለገጠር ጉዞ ትራክ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን ሦስቱንም ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚያጓጉዘው የተለመደ ፋይል ጂፒኤክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ በ2004 የተሻሻለ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የአጻጻፍ ደንብ ነው። ፋይሉ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮሱ፣ ኬንትሮሱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፍታውና የተመዘገበበት ሰዓት ይጻፋል። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከሶዶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው በፋይሉ ውስጥ መነሻው 4 ሰዓት ተብሎ ያገኘዋል። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከጂፒኤክስ ሌላ ጉግል ኧርዝ የሚጠቀምበት ኬኤምኤል እና የጂፒኤስ መሣሪያ አምራቹ ጋርሚን ለሰዓትና ለስፖርት መሣሪያዎቹ ያወጣው ፊት የሚባል ፋይል አለ። ጂፒኤስባቤልን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣሉ።

የቁጥር ቋንቋ

ዱካ ሙሉ በሙሉ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ማንበብ የማይችል ሰው ስሕተቱን አያይም። ወላይታ ሶዶ በሰሜን ኬክሮስ 6 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ አካባቢ ትገኛለች። ይኸው ቦታ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 6.85 እና 37.75 ይሆናል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ሁለቱ አጻጻፎች ሊምታቱ አይገባም። «6 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ» የሚለውን 6.51 ብሎ ያስገባ ሰው ሶዶን 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ወስዶ አስቀምጧታል። ቁጥሮቹን ያቀያየረ፣ ማለትም 37.75ን ኬክሮስ፣ 6.85ን ኬንትሮስ ያደረገ ደግሞ ከአልጄሪያ ጠረፍ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይገኛል።

በመሬት ልኬት፣ በደንና በግብርና መሥሪያ ቤቶች የሚዘወተረው አጻጻፍ በሜትር የሚቆጥረው ዩቲኤም ነው። ወላይታ በዩቲኤም 37ኛው ሰሜናዊ ቀጠና ውስጥ ይወድቃል፤ ለሶዶ ምሥራቃዊው ቁጥር 362,000፣ ሰሜናዊው 757,000 አካባቢ ነው። ዩቲኤም ርቀትን በቀላል መቀነስ ለማወቅ ስለሚያስችል ባለሙያዎች ይወዱታል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ትልቅ ወጥመድ አለ። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ ነው። የጂፒኤስ ሥርዓት የሚሠራው ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለ ሌላ መነሻ ነው። አንዱን ቦታ ሁለቱ የሚገልጹበት ቁጥር በኢትዮጵያ 200 ሜትር አካባቢ ይለያያል። በሜዳ 200 ሜትር ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በኦሞ አፋፍ ግን በመንገድና በገደል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከወረቀት ካርታ ቁጥር አንብቦ ወደ መሣሪያ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የመሣሪያውን ማስተካከያ ከካርታው መነሻ ጋር ማስማማት አለበት። ከሌላ ሰው ቁጥር የሚቀበልም «በየትኛው መነሻ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የጂፒኤክስ ፋይል ሁልጊዜ በደብሊውጂኤስ 84 ስለሚጻፍ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ዱካን በቃል ወይም በማስታወሻ ደብተር ሳይሆን በፋይል ማስተላለፍ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት የቦታ ስም ነው። የወላይትኛ ስሞች በላቲን ፊደል በተሠሩ ካርታዎች ላይ ልዩ ልዩ አጻጻፍ አላቸው፤ ወላይታ የሚለው ስም ራሱ በአራትና በአምስት ዓይነት ይጻፋል። በስም ፈልጎ ያጣ ሰው ቦታው የለም ብሎ መደምደም የለበትም። ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

ዱካው ከየት ይገኛል

ዱካ ከሦስት ምንጮች ይገኛል፤ አስተማማኝነታቸውም እንደ ምንጫቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ተጓዡ ራሱ ቀደም ሲል የመዘገበው ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሄዶ የመዘገበው ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በምን እንደ ሄደና መቼ እንደ ሄደ መታወቅ አለበት። በእግር የተመዘገበ ዱካ ላንድክሩዘር ላያሳልፍ ይችላል፤ በሞተር ሳይክል የታለፈበት የእንጨት ድልድይ መኪና አይሸከምም፤ በጥር የተመዘገበ የወንዝ መሻገሪያ በሐምሌ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ምንጭ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ በእጅ የተሳለ መስመር ነው። ጉግል ኧርዝን ከፍቶ መንገዱን በመዳፊት እየተከተሉ መሳል ይቻላል። ይህ ዱካ ሳይሆን ግምት ነው፤ ማንም አልሄደበትም። ከላይ ሲታይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር መሬት ላይ የሰው ግቢ አጥር ሊሆን ይችላል። ዛፍ ያለበሰው ጥልቅ ቦረቦርም ከሰማይ አይታይም። በእጅ የተሳለ መስመር በፋይሉ ስም ላይ «ያልተሄደበት» ተብሎ ሊለይ ይገባዋል።

ለመነሻ ካርታ የሚሆነው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የዓለም ካርታ ሲሆን ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት የስልክ አፕሊኬሽኖች በእርሱ ላይ ይሠራሉ። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ በዋይፋይ ካወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይጠቀሙበታል። ለጋርሚን መሣሪያዎች የሚሆን ቅጂውም በነፃ ይገኛል።

ፋይሉን ማዛወር

ማዛወር የሚጀምረው ፋይሉን በኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በማየት ነው። መስመሩ በታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ በሶዶ መናኸሪያ ወይም በጠበላ መገንጠያ ላይ ማለፉ ይረጋገጣል። መዝጋቢው ምሳ ሲበላ መሣሪያው ስላልተዘጋ የተፈጠረ የነጥብ ክምር፣ ሰማይ ሲሸፈን የተዘለለ ቀጥታ መስመር፣ ተሳስቶ የገባበትና የተመለሰበት ቅርንጫፍ ካለ ይሰረዛል። ጋርሚን ራሱ ያወጣው ቤዝካምፕ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያሠራል።

ቀጥሎ የነጥቦቹ ብዛት ይታያል። የእጅ መሣሪያ ማስታወሻው የተወሰነ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መካከል ጂፒኤስማፕ 60 ሲኤስኤክስ የተባለው የጋርሚን መሣሪያ ለአንድ የተቀመጠ ትራክ 500 ነጥብ ብቻ ይቀበላል፤ ኋላ የመጡት ኢትሬክስ 20 እና ጂፒኤስማፕ 64 ግን እስከ 10,000 ይይዛሉ። ከልኩ ያለፈ ዱካ ሲጫን የተረፈው ጫፉ ሊቆረጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ተጓዥ መስመሩ በመሐል ጫካ ሲያልቅበት ደርሻለሁ ብሎ ይሳሳታል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንድም ነጥቦቹን ማሳሳት፣ አንድም ረጅሙን ዱካ በተከታታይ ስም ለሁለትና ለሦስት መክፈል።

ከዚያ መሣሪያው በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እንደ ፍላሽ ይከፈታሉ፤ ጋርሚን የሚል ፎልደር ውስጥ ጂፒኤክስ የሚል ፎልደር አለ፣ ፋይሉ እዚያ ኮፒ ይደረጋል። ከኮምፒውተሩ ከመነቀሉ በፊት በአግባቡ መለያየት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው በድንገት ከተነቀለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በስልክ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ይላካል፤ ተቀባዩ ሲነካው ስልኩ በምን ይከፈት ብሎ ይጠይቃል፤ ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ሲመረጥ ዱካው ካርታው ላይ ይዘረጋል።

የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የሚያስቆጨውም እርሱ ነው። ከከተማ ሳይወጡ ዱካው በመሣሪያው ስክሪን ላይ መከፈት አለበት። መስመሩ ይታያል? ከመነሻ እስከ መድረሻ ሙሉ ነው? ርዝመቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከነበረው ጋር ይመሳሰላል? ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ባለበት ሶዶ የተገኘ ጉድለት በደቂቃ ይታረማል። ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ድረስ ወርደው ያገኙት ጉድለት ግን መመለስን ይጠይቃል።

መሬት ላይ መከተል

ዱካ ሲከፈት ካርታው ላይ ባለ ቀለም መስመር ሆኖ ይታያል፤ ተጓዡ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀስት ነው። ሥራው ቀስቱን መስመሩ ላይ ማቆየት ነው። ዕይታው በጣም ከቀረበ ወደፊት ያለው መታጠፊያ አይታይም፤ በጣም ከራቀ ጎን ለጎን ያሉ መንገዶች አንድ ይመስላሉ። በእግር ለሚሄድ 50 ወይም 80 ሜትር፣ ለመኪና 200 ወይም 300 ሜትር የሚያሳይ ልክ ይመቻል። ካርታውን በሰሜን አቅጣጫ ከማቆም ይልቅ ከተጓዡ ጋር እንዲዞር ማድረግ ለጀማሪ ይቀላል፤ ስክሪኑ ላይ ቀኝ የሆነው መሬትም ላይ ቀኝ ይሆናልና።

መሣሪያው ተጓዡን ወደ ቅርቡ መንገድ እየጎተተ የሚያሳይበት ማስተካከያ ከአስፋልት ውጭ መዘጋት አለበት። ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የሌላቸው መሣሪያዎች አቅጣጫ የሚያውቁት ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው። የቆመ ሰው ቀስቱ ወደ ሌላ ቢዞርበት ሊደናገጥ አይገባም፤ አሥርና ሃያ እርምጃ ሲራመድ ይስተካከላል።

መንታ መንገድ ላይ ትክክለኛው ምርጫ ወዲያውኑ አይታወቅም፤ የመሣሪያው ስሕተት ጥቂት ሜትር ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች እስኪራራቁ ድረስ ቀስቱ ከሁለቱም ላይ ሊመስል ይችላል። ወላይታ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ መገንጠያ ስላለ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ደንቡ ቀላል ነው፦ 50 ሜትር ያህል ሄዶ ማየት፣ ቀስቱ ከመስመሩ ከራቀ ወደ መገንጠያው መመለስ። ወደ መስመሩ ለመድረስ ማሳ ማቋረጥ አይገባም። መሬቱ የሰው ነው፤ ከዕይታ የተሰወረ ቦረቦርም በመካከል ሊኖር ይችላል።

ዱካን በተገላቢጦሽ መከተልም ይቻላል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች አሁን የሚመዘግቡትን ዱካ አዙረው ወደ መነሻው የሚመልስ ትእዛዝ አላቸው፤ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ሲመሽ ነፍስ የሚያድነው ይህ ነው። ዳሞታ ላይ ደመና ሲቀመጥ አንዱ ተዳፋት ከሌላው አይለይም። ሽቅብ ሲወጣ ጠዋት ላይ መዝገቡን የከፈተ ሰው ግን የመጣበትን መስመር ይዞ ይወርዳል።

ባትሪ የጉዞው ገደብ ነው። ኢትሬክስ 20 ሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ አምራቹ 25 ሰዓት ያሠራል ይላል። ጂፒኤስማፕ 64 ደግሞ 16 ሰዓት። ድንጋዩ በየገጠሩ ሱቅ የሚገኝ ቢሆንም ርካሹ ቶሎ ስለሚያልቅ ተጨማሪ ጥንድ ከከተማ መያዝ ይበጃል። ስልክ የሚጠቀም ሰው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ቢያደርገው ባትሪው በእጅጉ ይቆያል፤ ጂፒኤሱ በአብዛኛው ስልክ መሥራቱን አያቆምም።

መስመሩ የማይናገረው

ዱካ ያለፈ ጊዜ መዝገብ ነው። መሬቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሊለወጥ ይችላል፤ ወላይታም ለዚህ ትላልቅ ማስረጃዎች አሏት። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሸለቆው ሐይቅ ሆኖ ነበር። ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚወስደው የቀድሞ መንገድ ኦሞን የሚሻገርበት ቦታ በውኃው ስለተዋጠ መንገዱ በሌላ አቅጣጫ ተሠርቷል። ከዚያ በፊት የተመዘገበ ዱካ ዛሬ ተጓዡን ወደ ውኃ ይወስደዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ እንዲህ ያለ አደጋ ሰውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ከነተዳፋቱ ይወስዳል።

የየዓመቱ ለውጥም አለ። አካባቢው በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል። ቀዩ አፈር ሲርስ ይንሸራተታል፤ በቆላው ያሉ ቦረቦሮች በየዝናቡ አፋቸውን ያሰፋሉ። ትናንት መኪና ያለፈበት ጠርዝ ዛሬ ሊናድ ይችላል። መሣሪያው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ፣ ከገበያ የሚመለሱት እናት፣ የሞተር ሳይክል ነጂው ናቸው። ዱካ እያለው ሰላምታ ሰጥቶ «መንገዱ ያሳልፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሣሪያውን አልናቀም፤ መሣሪያው የጎደለውን ሞላ እንጂ።

መዝግቦ ማስተላለፍ

ዱካ የሚከተል ሰው በዚያው ጉዞ አዲስ ዱካ መመዝገብ ይችላል፤ ይገባዋልም። መዝገቡ ከመነሻው ይከፈታል። በእግር ለሚሄድ በየአሥር ሜትሩ ገደማ አንድ ነጥብ ይበቃል። ድልድይ፣ መሻገሪያ፣ ምንጭና መገንጠያ ላይ ነጥብ ይወሰዳል። ሲመለሱ ፋይሉ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ ወሩንና በምን እንደታለፈ የሚናገር ስም ይሰጠዋል፦ «ከአረካ አጆራ ፏፏቴ፣ ጥር፣ በሞተር» እንደማለት። ስም የለሽ ፋይል ከስድስት ወር በኋላ ለመዘገበው ሰው ራሱ እንቆቅልሽ ነው።

ይህ ሥራ በዞኑ ከሽርሽር ያለፈ ትርጉም አለው። በሁምቦ የተራቆተው ተራራ እንዲያገግም የተጀመረው የደን ፕሮጀክት 2,728 ሄክታር ይሸፍናል፤ ሰባት የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጠብቁታል። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ሥር ተመዝግቦ የካርቦን ሽያጭ ገቢ አስገኝቷል። እንዲህ ያለ ደን ወሰኑ በቁጥር ካልታወቀ ሊመዘገብም ሊሸጥም አይችልም፤ የወሰን ዱካ የሕጋዊ ሰነዱ አካል ነው። በዳሞታ ላይ ከ500 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የሶዶ የማኅበረሰብ ደንም በዚሁ መንገድ ተከልሏል። በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከ50,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎችን ሕይወት የሚያሳይ የቁፋሮ ቦታ ነው፤ ተመራማሪዎች የሚያወጡት እያንዳንዱ ድንጋይ ትርጉም የሚኖረው የተገኘበት ቦታ በልኬት ሲታወቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዱካው የሚያስፈልገው ለዕለት ኑሮ ነው። ክትባት ይዞ የሚወጣ የጤና ባለሙያ፣ ምጥ የያዛትን እናት ሊያመጣ የሚወርድ አምቡላንስ፣ አዲስ የተመደበ የግብርና ሠራተኛ ወይም መምህር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ መኪናው እስከ የት ይገባል፣ ከዚያስ በየት ይኬዳል? መልሱ ዛሬ ያለው በነባሮቹ ሠራተኞችና ሾፌሮች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲዛወር መልሱም አብሮት ይሄዳል። ስልክ በያዘ እጅ የተመዘገበ፣ ቀንና ስም ያለው አንድ ዱካ ግን በቀበሌው ይቀራል። ስለዚህ በወላይታ ገጠር የሚመላለስ ሁሉ በሚቀጥለው ጉዞው መዝገቡን ይክፈት፤ ሲመለስም ፋይሉን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ይስጥ።